ከጅራት ወደ ራስ

እትዬ ትርንጎ ሞተች ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጠላቷ ነበር። ድንኳን ሳይተከል፣ እኔ እንኳ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ደርሶ ጋቢውን አደግድጎ ግቢው መሀል ቆሞ “እህቴ! እህት ዓለሜ!” እያለ ደረቱን ይመታል። ኋላ ከወገዳ የመጡት ዘመዶቿ ማንነቱን ስለማያውቁ የቅርብ ሰው መስሏቸው ክንዱን ደግፈው አስቀመጡት፤ ውሃም አቀረቡለት።

እኔ የስፌት መኪናዬ ካለችበት ክፍል በር ላይ ቆሜ አየሁት። ማዘን ነበረብኝ፤ አላዘንኩም። “አልቅስ፤ ገና ታለቅሳለህ” አልኩ በሆዴ። ሊጠይቀኝ የሚፈልገው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። መልሱ እኔ ዘንድ እንዳለም አውቃለሁ።

ስለ እሷ ልጽፍ ተነሥቼ በሱ መጀመሬ ያናድደኛል። ግን አንዱን ያለ አንዱ መተረክ አይቻልም። ደርሶን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ በዕድሜው አባቴ ይሆናል፤ የሚካኤል ማኅበራችን መሪ፣ እኛ እንደምንለው የማኅበሩ ሙሴ ነው። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ግን አልለውም፤ አንቱታዬን ራሱ ነው ያስጣለኝ።

እትዬ ትርንጎ ሲማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ነው የተወለደችው። ገና ልጅ ሳለች ባሏ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ አሰብ ወሰዳት። እዚያ ኖረች፣ ባሏን እዚያ ቀበረች፣ አገር ሲታመስ ከተፈናቀሉት ጋር ባዶ እጇን ወጣች። ስንት ከተማ ዞራ በመጨረሻ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባች፤ ባልም ልጅም አልነበራትም። የግቢዋን የፊት ክፍል ለልብስ ስፌት ስከራያት ገና በመጀመሪያው ቀን “እርስዎ” ብላት ሳቀችብኝ። “እርስዎ ለጳጳስ ነው፤ አንቺ በይኝ። እኔ የማልወደውን ሰው ነው አንቱ የምል” አለች። ከዚያ ወዲያ አንቺ ሆንን።

ይህች ሴት ደጋ ላይ ተቀምጣ የባሕር ዳርቻ ምግብ ታበስላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወረታ የሚመጣው ሚኒባስ ሾፌር በረዶ ውስጥ የተቀበረ ቀረሶ የሚሉትን ዓሣ ያመጣላታል። መጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ነው። “ዓሣና ሰው በዓይኑ ይታወቃል” ትላለች፤ ዓይኑ የደፈረሰ ከሆነ “ይኸን ለማን ላበላው ነው?” ብላ ትመልስበታለች። ግቢው ጥግ በርሜል አስቆርጣ፣ ውስጡን በጭድ በተቦካ ጭቃ መርጋ የሠራችው ምድጃ አለ። እሳቱ ፍም ሲሆን ዓሣውን ከሆዱ ሳይሆን ከጀርባው ሰንጥቃ እንደ መጽሐፍ ትከፍተዋለች፤ የተደቆሰ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሎሚ ትቀባውና በሽቦ ወጥራ ምድጃው ውስጥ ታንጠለጥለዋለች። ስስ ቂጣውን እዚያው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ቲማቲምና ቃሪያ ድንጋይ ላይ ትፈጫለች። ጭንቅላቱን አትጥልም፤ በሎሚ ታፈላውና በመረቁ ሩዝ ትቀቅላለች። ከዚያ ሁሉንም ትሪ ላይ ትዘረግፈዋለች። ሹካ የጠየቀ እንግዳ ወዮለት። “ዓሣ እንደ ሙሽራ ተግደርድረሽ አይበላም፤ እጅሽን ስደጂ! እሾሁን ጣትሽ ነው የሚያገኘው” ትላለች። ተበልቶ ሲያልቅ እጇን በሎሚ ልጣጭ ታሻሽና መዳፏን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ዓይኗን ስትጨፍን የት እንደሄደች አውቃለሁ።

ወደቡ ላይ ለመርከብ ሰዎች በሚያበስል ቤት ሠርታለች። ሸርጣን ቀቅላለች፣ ሽሪምፕ ጠብሳለች። “በእጄ ነክቻለሁ፤ በአፌ ግን አንድም ቀን አላስገባሁም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ተብሏል፤ አለቀ” ትል ነበር። ቆዳው ልሙጥ የሆነውን፣ ጢማሙን አምባዛ ሾፌሩ ቢያመጣላት በር አታሳልፈውም። በጾምም ዓሣ አትነካም። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም እየተባለ ሲከራከሩ ስትሰማ “እኔ ባሕር አፋፍ ተቀምጬ ጾሜዋለሁ፤ እናንተ እዚህ ደጋ ላይ ምን ያከራክራችኋል?” ብላ ታልፋለች። ይኸን የምናገረው ኋላ የመጣው ነገር ምን ያህል እንዳቃጠላት እንዲታወቅ ነው።

እኛ ዘንድ ጽዋ ማኅበር መግባት ሰው መሆን ነው። ስትታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ስትሞቺ የሚያነሣሽ ማኅበርተኛ ነው። የሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ በአሥራ ሁለት ይወጣል፤ ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። እትዬ ትርንጎ ማኅበር ከገባች ጀምሮ ተራዋን ትቆጥር ነበር። “ጽዋው ቤቴ የገባ ቀን፣ እኔም አገሬ ገባሁ ማለት ነው” ትለኛለች። ከመጣች ስንት ጊዜዋ! ልቧ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

ተራዋ የደረሰው ከፋሲካ በኋላ፣ በሃምሳው ውስጥ ነው። ጠላው ተጠመቀ፤ ዳቦው ተደፋ፤ ከዳቦው ጋር ግን በግ አላረደችም። ጭቃ ምድጃዋን ስታነድ ዋለች። ማኅበርተኛው ሲመጣ መጀመሪያ ተሽኮረመመ፤ ኋላ ግን ትሪው ላይ ተረባረበ። የማኅበሩ ቄስ አባ ይትባረክ ሳይቀሩ ጣታቸውን እየላሱ “ይኸ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ያበላው ምሳ ነው” አሉ። ከሁሉ አብልጦ የበላው ደርሶ ነው።

ደርሶ ባሕረኛ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው ባዩ ራሱ ስለሆነ ነው። በጉልምስናው ለብዙ ዓመት ከአገር ጠፍቶ ነበር፤ ሲመለስ አሰብ መርከብ ላይ ነበርኩ አለ። ማን ሄዶ ያጣራል? ለቅሶ ቤት ባሕሩ፣ ሰርግ ቤት ባሕሩ። ሙሴ አድርገው የመረጡትም ባሕር የተሻገረ ሰው ነው ብለው ነው።

ያን ዕለት ሁለት ሦስት ዋንጫ ጠላ ካለ በኋላ ጀመረው። “አይ አሰብ! ቀኑስ ደግ ነው። ሌሊቱ ነው ጉድ! ከባሕሩ የሚነሣው ቁር አጥንት ይሰብራል። ጋቢ በጋቢ ደርበን፣ እሳት ከበን ነበር የምናድር።”

ማኅበርተኛው ከንፈሩን መጠጠለት። የጉና ተራራ ብርድ ሲገርፈው ላደገ ሰው ሌሊት ማለት ብርድ ነው። ሌሊቱ የማይበርድ አገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ውሸቱን የፈጠረው ደርሶም አላሰበም።

እትዬ ትርንጎ ትሪ እያነሣች ነበር። “ኧረ ጋሽ ደርሶ ይቀልዳሉ!” አለች እየሳቀች። “እኛ አልጋ ደጅ አውጥተን፣ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክረን ነበር የምንተኛው። ጋቢ የደረበማ ቀልጦ ባደረ!”

ክፋት አልነበራትም፤ እምላለሁ። አንዲት ሴት ግን ከበሩ በኩል “ባሕረኛችን ጉና ላይ ነው እንዴ የዘመተው?” አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደርሶም አብሮ ሊስቅ ሲል እሾህ ሰነቀረው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ሰው ሁሉ ተነሣ። ጀርባውን የመታችው እሷ፣ ደረቅ ቂጣ አጉርሳ እሾሁን ያስወረደችው እሷ። “ዓሣ መብላት በብልሃት ነው፣ ጋሽ ደርሶ” አለችው፣ ትከሻውን እየዳበሰች። ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔ ያን ጊዜ ዓይኑን አየሁት። ደፍርሷል።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ሌላ ሰው ቤት ወጣ። ጸሎቱ እንዳበቃ ደርሶ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

“ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላው ከረመ” አለ። “ባለፈው የበላነው ዓሣ ላይ ቅርፊት ያየ አለ?”

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

“እኔ ባሕረኛ ነኝ፤ ዓሣ አውቃለሁ። ያ አምባዛ ነው። ይችው ሴት ሸርጣን ስትቀቅል እንደኖረች በገዛ አፏ ነግራናለች። የሚካኤልን ዝክር ያልተፈቀደ አብልታናለች።”

እዚህ ላይ አገሬን ማማት አለብኝ። ማኅበርተኛው ገብስና ስንዴ አራሽ፣ በሬና በግ አርቢ ነው፤ ዓሣ ቢያይ በስሎ ነው። ቅርፊት ሲባል እንደ ቆዳ አብሮ የሚበስል፣ አብሮ የሚቀርብ ነገር መሰላቸው። ሁሉም ያን ቀን የጎረሰውን እያስታወሰ ቅርፊት ፈለገ። አላገኘም። “እውነቱን ነው፤ እኔም አላየሁ” አለ አንዱ። “እኔስ ልስልስ ያለ መስሎኝ ነበር” አለች ሌላዋ፣ አፏን በነጠላዋ እየያዘች። ከአንዲት ደቂቃ በፊት ደህና የነበረ ሰው ሁሉ ሆዱን ያዘ።

እትዬ ትርንጎ ተነሣች። “ኧረ የሰው ያለህ! ቅርፊቱን ገፍፌ ነዋ ያበላኋችሁ! ዶሮስ ብትሆን ከነላባዋ ነው እንዴ የምትበሏት?”

“የዶሮዋን ላባ ደጃችን ወድቆ እናየዋለን” አለ ደርሶ። “ያንቺን ቅርፊት ማን አየው?”

አባ ይትባረክ ግራ ገባቸው። “ነገሩ እስኪጣራ…” አሉ። እስኪጣራ ድረስ ጽዋው በእጇ እንዳያልፍ ተወሰነ። አንዱ የድጓ ትምህርት ማእከል እስከሆነው ቤተ ልሔም ድረስ ልኮ ከአንድ የኔታ ፍርድ አስመጣ፤ የመጣው ቃል “ቅርፊት ካለው ይበላል፣ ከሌለው አይበላም” የሚል ነው። ይኸንማ ሁላችንም እናውቀው ነበር! ማጣራቱ በዚያው ቀረ። ሰው ቤቷ መብላት አቆመ። ምድጃዋ ሲነድ በአጥሩ ሥር የሚያልፉ ሴቶች አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረ አንድ የሚካኤል ዕለት ከዓይኔ አይጠፋም። ማኅበሩ ከአጥራችን ማዶ ካለው ቤት ወጥቷል። መዝሙሩ ሲሰማ እትዬ ትርንጎ ለዚያች ለራሷ ተራ የገዛችውን አዲስ ዋንጫ ይዛ ወጣችና አጥሩ ሥር ቆመች። መዝሙሩ እስኪያልቅ ባዶ ዋንጫ ይዛ ቆመች። ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ በአጥሩ ቀዳዳ ተከትላ አየችው።

“አልቅሽ እንጂ፤ ይወጣልሻል” አልኳት።

“ለማን ብዬ?” አለችኝ። “እንባ ጨው ነው። ለዓሣው ይሁን።”

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ቀረሶዋን ተቀብላ እንደ ወትሮዋ ጓሮ አልገባችም። ከግቢው በር ውጭ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ተቀመጠች። ዓሣውን ጅራቱን ይዛ በቢላዋው ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ መፋቅ ጀመረች። ቅርፊቱ እየተስፈነጠረ መንገዱን ሞላው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ደርሶ ቤቱ ከእኛ በታች ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሲያልፍ ቀና ብላ “ሙሴ፣ እንዴት ዋልክ? ቅርፊት ይኸውልህ” አለችው። ጋሽ የለ፣ አንቱ የለ። ወደደችው ማለት እንዳልሆነ ግን ለእሱም ለእኔም ግልጽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲያው ሆነ። የዓሣ ቅርፊት እርጥብ ሲሆን ያጣብቃል። ጫማው ሥር፣ የጋቢው ጥለት ላይ ተለጥፎ አብሮት ይሄዳል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ሰው ያየዋል። ሚስቱ ጋቢውን ስታጥብ ትለቅማለች። በቅርፊት ከሰሰ፣ ቅርፊት ለበሰ። የመንደሩ ሴቶች ቀስ በቀስ ነገሩ ገባቸው፤ አፍንጫ መሸፈኑ ቀረ። የማኅበሩ ወንዶችም ገብቷቸዋል፤ ግን “ተሳስተን ነበር” ማለት ሞት መሰላቸው። እኔም በበኩሌ ዝም አላልኩም። ደርሶ ሱሪ እንዳሳጥርለት ሲያመጣ አንደኛውን እግር በጣት ያህል አሳጥሬበታለሁ። እስከ ዛሬ መሬቱ የተንጋደደ ይመስለዋል።

አባ ይትባረክ አንድ ቀን መጥተው ድንጋዩ አጠገብ ቆሙ። “ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው” አሏት።

“አባ፣ እኔ መች እሰርቃለሁ?” አለች፣ ቢላዋዋን ሳታቆም። “ሳሌን አደባባይ ተቀምጬ ነው የምስለው።”

አባ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሄዱ። ሲሄዱ እሳቸውም ነጠላቸው ላይ አንድ ቅርፊት ነበር።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ የደርሶ ዘንዶ የመጣው በልጁ ሰርግ ነው። ልጁን የዳራት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ላሉ ሰዎች ነው። አማቾቹ የሙሽራዪቱ አባት የታወቀ ባሕረኛ መሆኑን ሰምተዋል፤ ከማን እንደሰሙ አይጠየቅም። በሰርጉ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ የማታውን መልስ ለማክበር ብለው በረዶ የተነሰነሰበት ቀረሶ በጆንያ በጆንያ ጭነው ላኩ። ያልተቀረፈ፣ ያልተከፈተ፣ ከነዓይኑ። “እርስዎ ያውቁበታል” የሚል መልእክትም አለው። ሠርገኛው ማታ ይመጣል። ፀሐይ እየከረረች ነው። በሰርጉ ቤት ያሉት ሴቶች ጆንያውን ከፍተው ተያዩ። ደርሶ ሽማግሌ ወደ እትዬ ትርንጎ ላከ።

“እሱ ራሱ ተሸክሞት ይምጣ” ብላ መለሰቻቸው።

ተሸክሞት መጣ። ጆንያው ውሃ እያንጠባጠበ የሰርግ ልብሱን አበላሽቶታል። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው መንገዱን ሞልቷል፤ አባ ይትባረክም ከነመስቀላቸው ከፊት አሉ። እትዬ ትርንጎ ድንጋዩን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችለትና ቢላዋ አቀበለችው።

“ተቀመጥ” አለች። “ባሕረኛ አይደለህ? እስኪ አንዱን ቅረፍልኝ፤ የቀረውን እኔ እሠራዋለሁ።”

“ትርንጎ፣ ስለ ሚካኤል…”

“ሚካኤልን ያኔ ማኅበሩ መሀል ቆመህ ጠርተኸዋል። አሁን ዓሣውን ያዝ።”

ተቀመጠ። ዓሣውን አንገቱ ላይ ያዘና ከራሱ ወደ ጅራቱ ፋቀ። ቢላዋው ተንሸራተተ፤ አንዲት ቅርፊት አልተነሣችም። እንደገና ፋቀ። እንደ በግ ቆዳ ሊገፈውም ሞከረ። ዓሣው ከእጁ ሲያመልጥ የጀርባው እሾህ መዳፉ ላይ ገባ፤ ደሙ የሰርግ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። ያን ሁሉ ዓመት በየለቅሶው ያወራው ባሕር በአንድ ዓሣ ደረቀ።

እትዬ ትርንጎ ከእጁ ወሰደችው። ጅራቱን ያዘች፤ ከጅራት ወደ ራስ አንድ ጊዜ ስትፍቀው ቅርፊቱ ዘነበ። አባ ይትባረክ ጎንበስ ብለው አንዲቷን አነሡና መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት።

“ደርሶ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ቅርፊት ነው፣ አባ።”

“ከወዴት መጣ?”

“ከ… ከዓሣው ላይ።”

“ያኔ የበላነውስ ዓሣ?”

የደርሶን መልስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው። እኔ ደግሞ እሱን አየሁት፤ ጠግቤ አየሁት። ሰው ሲዋረድ ማየት ደስ አይልም የሚሉ ሰዎች ተበድለው አያውቁም።

ዓሣውን አበሰለችለት፤ ቀኑን ሙሉ ምድጃው አልቀዘቀዘም። ለምን ደከምሽ ብላት “ዓሣው ምን በደለ? ሙሽሪትስ ምን አደረገች?” አለችኝ። ማታ አማቾቹ እኛ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን እንዲህ ያለ አልበላንም ብለው መሰከሩ። ሙሽራዪቱ መጥታ ጉልበቷን ሳመች።

በሚቀጥለው አሥራ ሁለት ማኅበሩ ጽዋውን ሊመልስላት ወሰነ። “እሱ ተሸክሞ ያምጣው” አለች፤ አመጣው። ያን ቀን ከሁሉም ፊት ዓሣ ቀረበ፤ ከደርሶ ፊት ብቻ ሽሮ። “ለሙሴ ነው፤ ሽሮ አይጠረጠርም” አለች ጮክ ብላ። ማኅበርተኛው ሲወጣ ጽዋው ያረፈበትን መደብ በመዳፏ ስትዳብስ አየኋት። “ገባሁ” አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ደርሶ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር፤ ግን ሰው ፊቱን ነሣው፣ ባሕሩን የሚሰማለት ጠፋ። ስለዚህ በአገሩ ወግ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ “ይቅር በይኝ” ሊላት መጣ። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ይቅር አለማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። እሷ ድንጋዩን አየችና “ድንጋይ መች አጣሁ? በሬ ላይ አለኝ” አለች። “ቢላዋ ይዞ ይምጣ። እዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እያየው፣ አንድ ዓሣ እንደ ወጉ ቀርፎ ይጨርስ። አንድም ቅርፊት ሳይቀር። ያን ቀን ይቅር እለዋለሁ።”

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ደርሶ ድንጋዩን አውርዶ ሄደ። ዳግመኛ በዚያች ድንጋይ ላይ ከመቀመጥ ሞትን መረጠ። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ እሱም በስውር መንገድ፣ ከቤቶቹ ጀርባ በማሳ ውስጥ እየዞረ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረ።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ደረቷ ነበር። በመጨረሻዋ ሳምንት እጇን በሎሚ አሸሁላት፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁላት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ገልጣ “ሰብለ፣ ያ ሰው መምጣቱ አይቀርም” አለችኝ። “እኔ ከሄድኩም ቢሆን ይመጣል። ቀርፎ ሲጨርስ ‘ይቅር ብላሃለች’ በይው። አደራ።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ሲጨርስ ነው ታዲያ።”

ይኸው ነው እኔ ዘንድ ያለው።

ለአርባዋ ዓሣ እንዲበላ ቃሏ ነበር። በዋዜማው ቀረሶው ከወረታ መጣ፤ ዓይኑን አየሁ፤ ጥሩ ነው። ጆንያውን ወደ ጓሮ ላስገባ ስል ደርሶ በዋናው መንገድ መጣ፤ ከቤቶቹ ጀርባ አይደለም። በእጁ ቢላዋ ይዟል። ሰላም ሳይለኝ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

“ስጪኝ” አለ።

ሰጠሁት። ጅራቱን ያዘ። ከጅራት ወደ ራስ በቢላዋው ጀርባ ፋቀ። ቅርፊቱ ተነሣ። ኋላ ከሚስቱ እንደሰማሁት፣ በድብቅ ከወረታ ዓሣ እያስመጣ ጓሮው ተቀምጦ ሲለማመድ ከርሟል። ክንፎቹ ሥር ገባ፣ ሆዱን ገለበጠ፣ ጉንጩ ሥር ያለውን ትንንሹን ሳይቀር አወጣ። ሰው እየመጣ ቆመ። አባ ይትባረክ ቆሙ። ዓሣውን በውሃ አለቀለቀና በሁለት እጁ ወደ እኔ ዘረጋው፤ አርጅቷል።

“ጨረስኩ፣ ልጄ” አለ። “ምን ብላኝ ሄደች?”

ዓሣውን ተቀበልኩ። በአውራ ጣቴ ከጅራት ወደ ራስ ዳበስኩት፤ አገላብጬ ዳበስኩት። አንዲት ቅርፊት የለችም። እትዬ ትርንጎ ራሷ እንዲህ አጥርታ አትቀርፍም። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አጥሩ ሥር ባዶ ዋንጫ ይዛ የቆመችዋ ሴት ትዝ አለችኝ።

ዓሣውን መለስኩለት።

“ይቀርዎታል” አልኩት። “ጅራቱ ሥር አለ።”

ደርሶ ዓሣውን ጭኑ ላይ አደረገና፣ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ጀመረ።